ስታዲየማችን ስንተኛ ወጣ?

ዛሬ ስለ ስታዲየም ነው የማወራው። ረዘም ይላል፤ ቡናችሁን ይዛችሁ አንብቡት።

አሜሪካ ውስጥ የዩኒቨርሲቲዎች ፉትቦል ሊጀመር ሲል የማይቀር ነገር አለ። ፉትቦል ስል የኛን እግር ኳስ ማለቴ አይደለም፤ ያንን ሞላላ ኳስ በእጅ ታቅፈው የሚጋጩበትን ነው። አንዱ መጽሔት ወይ አንዱ የስፖርት ጣቢያ ይነሳና «ምርጥ የኮሌጅ ስታዲየሞች» ብሎ ከ1ኛ እስከ 25ኛ ይደረድራል። ከዚያማ ቀውጢ ነው! «የኛን 9ኛ ያደረገው ሰው ማታ ገብቶበት ያውቃል?» ይላል አንዱ። «ያ እኮ ትልቅ ነው እንጂ ድምፅ የለውም» ይላል ሌላው። «ቡድናቸው አምና ስላሸነፈ ነው ስታዲየማቸው ያማረባችሁ» ይላል ሦስተኛው። አንደኛ የወጣው ደጋፊ ብቻ ዝም ብሎ ፈገግ ይላል።

እዚያ የሚኖሩ የቀድሞ ተማሪዎቼ ይህን ጭቅጭቅ ሲልኩልኝ «ቲቸር፣ እነዚህ ሰዎች ለሲሚንቶ ይጣላሉ» እያሉ ይስቃሉ። እኔ ግን አልስቅም። ደጋፊዎቹ መናደዳቸው ልክ ነው ብዬ አምናለሁ። የሚናደዱበት ምክንያት ግን ከሚሉት ትንሽ ይለያል፤ ነገሩ ደግሞ እኛንም ይነካል።

መጀመሪያ መለኪያውን እንይ። የሚለካው ስፋት ከሆነ ክርክር አያስፈልግም፣ መቁጠር በቂ ነው። አን አርበር ከተማ ያለው የሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ስታዲየም 107,601 ሰው ይይዛል፤ «ትልቁ ቤት» ነው የሚሉት። እ.ኤ.አ. በ1927 የተከፈተ ሲሆን አብዛኛው ክፍሉ መሬት ተቆፍሮ የተሠራ ስለሆነ ከውጭ ሲያዩት ያን ያህል አያስደነግጥም። ፔን ስቴት፣ ኦሃዮ ስቴት፣ ቴክሳስ ኤ ኤንድ ኤም፣ ሉዊዚያና ስቴት፣ ቴነሲ፣ ቴክሳስ፣ አላባማ፣ እነዚህ ሁሉ ከመቶ ሺህ በላይ የሚይዝ ስታዲየም አላቸው። ልብ በሉ፣ ይሄ የተማሪዎች ውድድር ነው! ደሞዝ የሚከፈልባቸው የዋናው ሊግ ቡድኖች እንኳን በመደበኛ መቀመጫ መቶ ሺህ የሚሞላ ስታዲየም የላቸውም።

የሚለካው ድምፅ ከሆነስ? ያኔ የሚሺጋን ሰዎች ይሸማቀቃሉ። ስታዲየሙ እንደ ሳህን ዘርጋ ያለ ስለሆነ ጩኸቱ ወደ ሰማይ ይበተናል እየተባለ ለዓመታት ሲታማ ኖሯል። በአንጻሩ የሉዊዚያና ሰዎች ደረታቸውን ይነፋሉ። ባተን ሩዥ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1988 ከኦበርን ጋር ሲጫወቱ፣ ጨዋታው ሊያልቅ ጥቂት ሲቀረው ቡድናቸው አገባ፤ 7 ለ 6 አሸነፉ። ሕዝቡ በደስታ ሲዘል እዚያው ግቢ ውስጥ ያለው የመሬት መንቀጥቀጥ መለኪያ መሣሪያ መዘገበው። እስከ ዛሬ «የመሬት መንቀጥቀጡ ጨዋታ» ይሉታል። እንግዲህ እንዲህ ያለውን ስታዲየም አንድ ሰው ከቢሮው ሆኖ «6ኛ» ቢለው ባለቤቶቹ ዝም ይላሉ?

የሚለካው ውበት ከሆነ ደግሞ ትልልቆቹ ሁሉ ወደ ኋላ ይሄዳሉ። ዌስት ፖይንት የሚገኘው የጦር አካዳሚው ስታዲየም ከነዚህ ግዙፎች አጠገብ ቢቆም የልጅ መጫወቻ ይመስላል። ግን ከሃድሰን ወንዝ በላይ ኮረብታ ላይ ነው፤ በመኸር ዛፉ ሁሉ ቀይና ቢጫ ሲሆን ማየት ነው። ሲያትል ያለው የዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ ስታዲየም ሐይቅ ዳር ስለሆነ በጀልባ የሚመጣ ሰው አለ። ቴነሲም እንዲሁ፣ ወንዙ ላይ ጀልባቸውን ደርድረው፣ እዚያው በልተው ጠጥተው ወደ ጨዋታው የሚገቡ አሉ።

ልማድ ከተለካስ? ዊስኮንሲን ውስጥ ሦስተኛው ሩብ ጨዋታ አልቆ አራተኛው ሊጀመር ሲል አንድ ዘፈን ይለቀቅና ስታዲየሙ በሙሉ ይዘላል። ቴክሳስ ኤ ኤንድ ኤም ተማሪዎቹ ጨዋታው እስኪያልቅ አይቀመጡም፤ «አስራ ሁለተኛው ተጫዋች እኛ ነን፣ ከተፈለግን እንገባለን» ለማለት ነው። ክሌምሰን ተጫዋቾቹ አንድ ድንጋይ በእጃቸው ነክተው ቁልቁለቱን እየሮጡ ሜዳ ይገባሉ። በነገራችን ላይ ክሌምሰንም ሉዊዚያናም ስታዲየማቸውን «የሞት ሸለቆ» ነው የሚሉት። ስሙ የማን ነው የሚለው ጠብ ራሱን የቻለ ሌላ ጽሑፍ ይወጣዋል።

አሁን ደግሞ አዮዋ። እ.ኤ.አ. በ2017 የተጀመረ ልማድ አላቸው። ከስታዲየሙ አጠገብ የሕፃናት ሆስፒታል አለ፤ ከፍ ያለ ስለሆነ ከላይኛው ፎቅ ሜዳው ይታያል። የመጀመሪያው ሩብ ጨዋታ ሲያልቅ የአዮዋ ደጋፊ፣ የተጋጣሚው ደጋፊ፣ ተጫዋቾቹ፣ ዳኞቹ ጭምር ፊታቸውን ወደ ሆስፒታሉ አዙረው በመስኮቱ ለሚያዩት ሕሙማን ልጆች እጃቸውን ያውለበልባሉ። ወደ ሰባ ሺህ የሚጠጋ ሰው ነው!

እስቲ ንገሩኝ፣ ይሄ ስንት ነጥብ ነው? ከ10 ስንት ትሰጡታላችሁ? ከ107,601 መቀመጫ ይበልጣል ወይስ ያንሳል?

እዚህ ላይ ነው የኔ ሐሳብ። እኔ የሒሳብ መምህር ነኝ። ለሰባተኛ ክፍል ልጅ መጀመሪያ ከምናስተምረው ነገር አንዱ ሜትርና ኪሎ አይደመርም የሚለው ነው። ደረጃ አውጪዎቹ ግን የመቀመጫ ብዛት፣ ጩኸት፣ ወንዝ፣ ታሪክና እንባ ደምረው «ድምር ውጤት፣ 9ኛ» ይላሉ። አብዛኛውን ጊዜ ለየትኛው ምን ያህል ክብደት እንደሰጡ እንኳን አይነግሩንም። ደጋፊው የሚናደደው ቁጥሩ ስላነሰው ይመስለዋል። እውነቱ ግን ወዲህ ነው፤ የሚወደው ነገር መለኪያው ውስጥ ስላልገባ ነው።

ምክንያቱም ስታዲየም ለእሱ ሕንፃ አይደለም። ነብራስካ ውስጥ ከ1962 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ የሜዳቸው ጨዋታ ትኬት ሳያልቅ ቀርቶ አያውቅም። ቡድኑ ሲያሸንፍም ሲሸነፍም ማለት ነው። አያት የተቀመጠበት ቦታ ላይ የልጅ ልጅ ተቀምጧል። ከነዚህ ስታዲየሞች ብዙዎቹ ደግሞ «መታሰቢያ ስታዲየም» ነው ስማቸው። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ለሞቱ ልጆቻቸው የቆሙ ናቸው። ኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የሟቾቹ ስም ስታዲየሙ ዓምዶች ላይ ተቀርጿል። እንዲህ ያለ ቦታ ላይ ደረጃ ስታወጣ፣ ሰውየው «የአያትህ መቃብር 14ኛ ነው» የተባለ ያህል ቢሰማው አይገርመኝም።

ደጋፊዎቹ ላይ የምነቅፈው አንድ ነገር ግን አለ። ሲጨቃጨቁ «9ኛ ሳይሆን 3ኛ መሆን ነበረበት» ነው የሚሉት። ይህን ባሉ ጊዜ ውድድሩን ተቀበሉ ማለት ነው። መጠየቅ የነበረባቸው «ለምን 9ኛ?» ብለው ሳይሆን «በምን?» ብለው ነበር። «በምን» ብለህ ስትጠይቅ ደረጃ አውጪው መለኪያውን ለማውጣት ይገደዳል።

ደግሞ ነገሩ ጨዋታ ብቻ ሆኖ አይቀርም። የሚለካው ነገር የሚገነባውን ነገር ይወስናል። ዩኒቨርሲቲዎቹ ትልቅ ስክሪንና በመስታወት የተዘጋ የሀብታም ክፍል ሲጨምሩ ስታዲየሙ «ዘመናዊ» ይባላል። ሚሺጋን ራሱ እንዲህ ያሉ ክፍሎችን ጨምሮ ያደሰውን ስታዲየም በ2010 አስመርቋል። ደጋፊዎች ደግሞ በየቦታው የሚያሰሙት ሮሮ አለ፤ ትኬቱ ተወደደ፣ ተማሪው ከመሐል ወደ ጥግ ተገፋ፣ ይላሉ። የሚጮኸው፣ የሚዘለው፣ መሬት የሚያንቀጠቅጠው ግን ያ ጥግ የተገፋው ተማሪ ነው! በመስታወት ውስጥ ተቀምጦ መሬት ያንቀጠቀጠ ሰው አልሰማሁም።

አሁን «የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች» የምትሉኝ እንዳላችሁ አውቃለሁ። ልክ ናችሁ፣ ወደ ራሳችን እንምጣ።

እኛ በ1954 ዓ.ም. አዲስ አበባ ስታዲየም ላይ ግብፅን 4 ለ 2 አሸንፈን የአፍሪካን ዋንጫ ያነሳን ሰዎች ነን። ከ60 ዓመት በኋላ፣ ሰኔ 2014 ዓ.ም.፣ ግብፅን እንደገና 2 ለ 0 አሸነፍን። ጨዋታው «የሜዳችን» ነበር። የተካሄደው ግን ማላዊ፣ ሊሎንግዌ ላይ ነው። ስታዲየሞቻችን የካፍን መስፈርት አላሟሉም ስለተባለ ዋልያዎቹ ለዓመታት የሜዳቸውን ጨዋታ በሰው አገር ሲጫወቱ ኖረዋል። አሜሪካዊው «ስታዲየሜ ለምን 9ኛ ሆነ?» ብሎ ይጮኻል፤ እኛ ዝርዝሩ ውስጥ መጨረሻ ብንገባ እልል እንል ነበር።

ታዲያ ካፍም ለካን አይደል? በካፍስ ለምን አልናደድም? ልዩነቱ እዚህ ጋ ነው። የካፍ መስፈርት አስቀድሞ ተጽፎ የተሰጠ ነው። መብራቱ፣ የተጫዋቾች መልበሻ ክፍሉ፣ የሕክምና ክፍሉ፣ የተመልካች መቀመጫው ምን መሆን እንዳለበት ይነግርሃል። ካላሟላህ ምን እንደጎደለህ ታውቃለህ፣ ታስተካክላለህ። ሦስት አገር ቢያሟላ ሦስቱም ያልፋሉ፤ አንዱ እንዲያልፍ ሌላው መውደቅ የለበትም። መስፈርት የሚጎድልህን ይነግርሃል። ደረጃ የሚነግርህ ማን እንደቀደመህ ብቻ ነው። እና መለካትን አልጠላም፤ ኑሮዬም በሱ ነው። የምጠላው መለኪያው ያልታወቀ ደረጃን ነው።

ይሄን ሁሉ የምለው ለምን መሰላችሁ? በየሴሚስተሩ መጨረሻ ካርድ እሞላለሁ። ከስድሳ በላይ ተማሪ ያለበት ክፍል ውስጥ ደረጃ እጽፋለሁ። አማካዩ 94.2 የሆነው 1ኛ፣ 94.1 የሆነው 2ኛ ይባላል። ያቺ 0.1 አንድ የስፖርት ጥያቄ ልትሆን ትችላለች። ቤት ሲደርስ ግን «ስንተኛ ወጣህ?» ነው ጥያቄው። «ምን አወቅህ?» የሚል ወላጅ በጣት ይቆጠራል። 41ኛ የወጣችው ልጅ ደግሞ በጠዋት ሁለት ታናናሾቿን ትምህርት ቤት አድርሳ፣ እየሮጠች የምትመጣ፣ በስዕል ክፍሉን ሁሉ የምታስደምም ልጅ ናት። ካርዱ ላይ ለዚህ የሚሆን ሳጥን የለም። እሷ የአዮዋ ስታዲየም ናት ማለት ነው፤ ከ10 ስንት እንደምትሰጣት ግራ የሚገባህ።

የአሜሪካው ደጋፊ ግን አንድ ነገር ይበልጠናል። ስታዲየሙን ዝቅ ሲያደርጉበት ተነስቶ ይሟገትለታል። ቁጥሩን ወስዶ ስታዲየሙን አይገርፈውም። እኛ ግን ልጁ 41ኛ ሲወጣ ካርዱን ይዘን ልጁን ነው የምንቆጣው። «በምን ለካችሁት?» ብሎ እኔ ዘንድ የመጣ ወላጅ እስካሁን አልገጠመኝም። ቢመጣ ደስ ይለኛል፣ ወንበር አቀርብለታለሁ።

ስለዚህ አሜሪካኖቹ ይጩኹ፣ ይጣሉ፣ ለስታዲየማቸው ይሟገቱ። ጥሩ ነገር ነው፤ የሚወድ ሰው ነው የሚከራከረው። ወላጆች ደግሞ ሰኔ ላይ ካርድ ስትቀበሉ ከደረጃው በፊት እያንዳንዱን ትምህርት እዩት። የት ጎበዝ ነው? የት ነው የሚጎድለው? ከዚያ ልጁን ጠይቁት። ከዚያ በኋላ ደረጃውን ማየት ከፈለጋችሁ እዩት።

የቀድሞ ተማሪዎቼ፣ በተለይ ያንን ቁጥር እስካሁን ተሸክማችሁ የምትዞሩ፣ ከታች ጻፉልኝ። ስንተኛ እንደወጣችሁ አልጠየቅኋችሁም፤ ካርዱ ላይ ሳጥን ያልነበረው ምን ነገር ነበራችሁ?

መልካም ሳምንት።