የማን ልጅ ነሽ?

የዲያስፖራ ልጅ ሲመጣ አዲስ አበባ ያለ ዘመድ የሚያደርገውን ሁላችንም እናውቃለን። የመጀመሪያው ቀን ዶሮ ወጥ ነው። በማግስቱ አንድነት ፓርክ፣ ከዚያ ቢሾፍቱ ሐይቅ ዳር ሪዞርት። ልጅቷ አፏን ሞልታ «የአያቴን አገር ማየት እፈልጋለሁ» ካለች ቤቱ በአንድ ድምፅ «ገጠር ምን አለ ብለሽ ነው?» ይላታል። ሰሞኑን ያናደደኝ ይቺ «ምን አለ» የምትለዋ ናት።

የአንድ ወዳጄ የወንድም ልጅ ከሜሪላንድ መጥታለች። ገና ሃያዎቹን የጀመረች ልጅ ናት። ከመምጣቷ በፊት ምራቋን በብልቃጥ ልካ ዘሯን አስመርምራ «ምሥራቅ አፍሪካዊት ነሽ» ተብላለች። ይህንንማ መስታወትም ይነግራት ነበር፣ ያውም በነጻ። እሷንም ስላላጠገባት ይመስለኛል ደብተር ይዛ የመጣችው። የደብተሩ የመጀመሪያ ገጽ ላይ የተጻፈው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ የአያቷ አገር፣ ቡልጋ።

ዘመዶቿ ከደረደሩት ምክንያት የምቀበለው አንዱን ነው፤ የሰሜን ሸዋ መንገድ ለእንግዳ ልጅ የሚያስተማምን አይደለም። እሺ። «አቧራው»፣ «ቁንጫው»፣ «እዚያ የሚያውቅሽ የለም» የሚሉት ግን ሰበብ ናቸው። የመጨረሻው እንዲያውም ውሸት ነው። የሚያውቃት አለ፤ ያውም እዚሁ ኮተቤ። የአያቷ የአጎት ልጅ፣ ዘጠና ሊደፍኑ ጥቂት የቀራቸው ሽማግሌ፣ ሴት ልጃቸው ዘንድ ተቀምጠዋል። ከወዳጄ ቤት በታክሲ ግማሽ ሰዓት አይሞላም። እሑድ ዕለት ይዘናት ሄድን። የወዳጄ ሁለት ወንዶች ልጆችም እናታቸው ገፍታ ልካቸው ከኋላ ወንበር ስልካቸውን እየነካኩ መጡ።

ልጅቷ የሽማግሌውን ጉልበት ሳትስም አልተቀመጠችም፤ ማን እንዳስተማራት እንጃ፣ ሄዳ ሳመች። ከዚያ «የማን ልጅ ነሽ?» አሏት። ፓስፖርቷ ላይ እንዳለው ስሟን ከነማስከተያው ተናገረች። ሽማግሌው ደነገጡ። ወደ እኔ ዞረው «እሱማ ማይጨው ቀርቷል!» አሉኝ።

እውነታቸውን ነው። አባቷ አሜሪካ ሲገባ የፓስፖርቱ ሦስተኛ ስም፣ ማለትም የአያቱ ስም፣ የቤተሰብ መጠሪያ ሆኖ ተመዘገበ። ልጆቹም በዚያው ወጡ። ስለዚህ ይቺ ልጅ የምትጠራው በ1928 ዓ.ም. ጦር ሜዳ በወደቀ ቅድመ አያቷ ነው። አባቷና አያቷ መሐል ላይ ተውጠዋል። ነገሩ ሲገባቸው ሽማግሌው እንባቸው እስኪመጣ ሳቁና «በይ ጻፊ፣ ሁለቱን እንመልሳቸው» አሏት።

ቆጠሩላት። ከአባቷ ተነሥተው ሰባት ቤት ድረስ ወጡ፤ እዚያም አላቆሙም። የአጎቷ ልጆች ስልካቸውን አስቀመጡ። ትልቁን ቀስ ብዬ «አንተ ስንት ትቆጥራለህ?» ብለው ሦስተኛው ላይ ቀረ። አዲስ አበባ ተወልዶ፣ ከሽማግሌው ግማሽ ሰዓት ርቆ አድጎ፣ ያን ዕለት ነው ያያቸው። የሜሪላንዷ ልጅ ውቅያኖስ ተሻግራ የመጣችበትን ነገር እሱ በታክሲ ሄዶ አልጠየቀም። አገር ውስጥ ስላለ የራሱ የሆነ ይመስለዋል፤ ሲፈልግ የሚያነሣው፣ ኪስ ውስጥ ያለ ነገር። አልፈርድበትም፤ አባቱም ያው ነው።

የውጭ ዜጋ ለሆኑ ትውልደ ኢትዮጵያውያን መብት የሚሰጠው አዋጅ ቁጥር 270/1994፣ በተለምዶ የቢጫ ካርዱ፣ ቅድመ አያት ድረስ ብቻ ነው የሚጠይቀው። ደግ አዋጅ ነው። እንደ ሽማግሌው ሰባት ቤት ቢጠይቅ ኖሮ ቦሌ ተወልደን ቦሌ ካደግነው ስንቶቻችን እናልፍ ነበር?

መስቀል እየደረሰ ስለሆነ አንድ ወገን ከዚህ ወቀሳ ይውጣልኝ። ጉራጌው ስለ ማንነት ጉዞ አያወራም፤ ይሄዳል። በመስከረም መርካቶ ጭር የሚለው ለዚህ ነው። ሱቁን ዘግቶ፣ ልጆቹን ጭኖ፣ የመንደሩ ሜዳ፣ ጀፎረው ላይ ከነአዲስ ጫማቸው ያራግፋቸዋል። ስልጤውም ለአረፋ እንዲሁ። ልጁ የአያቱን ደጅ ለማወቅ ደብተር አያስፈልገውም።

ወደ ብልቃጡ ልመለስ። ጋና በ2019 እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር፣ የመጀመሪያዎቹ አፍሪካውያን ባሪያዎች ቨርጂኒያ ከደረሱ 400 ዓመት መሙላቱን አስባ «የመመለሻ ዓመት» ብላ ስትጠራ፣ ከአሜሪካ የሄዱት ሰዎች ኬፕ ኮስት ምሽግ በር ላይ ቆመው ያለቀሱት የሚቆጥሩት ስም ስለሌላቸው ነበር። የእነሱ የዘር ሐረግ በጉልበት ተበጥሶባቸዋል። ምራቅ በብልቃጥ መላክ ለእነሱ ይገባል። ቆጣሪው ኮተቤ ቁጭ ብሎ ሳለ ብልቃጥ ለሚልከው የእኛ ሰው ግን ምን ልበል?

ስለ ሽማግሌው አንድ ነገር ሳልናገር ብቀር ግን ውሸት ይሆናል። ልጅቷ «ይህን ሁሉ እንዴት ያዝክ?» ስትላቸው («አንተ»ውን ማንም አላረማትም) መልሳቸው ስለ ክብርና ስለ ማንነት አልነበረም። «ለሙግት ነዋ!» አሉ። ቡልጋ ርስት አገር ነበር። ከአንድ አቅኚ አባት መወለዱን የቆጠረ ሁሉ ከመሬቱ ድርሻ ይጠይቃል፤ መቁጠር ያቃተው ችሎት ላይ ይረታል። ለጋብቻም ሰባት ቤት መለየት ግድ ነበር፤ አባታቸው በጅራፍ ያስቆጠሯቸው ግን ለመሬቱ ነበር። አሜሪካዊው አጥኚ አለን ሆበን ጎጃም፣ ደጋ ዳሞት ተቀምጦ ያየውን ይህንኑ የርስት ሥርዓት እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በ1973 መጽሐፍ አድርጎ አወጣው። ብዙም ሳይቆይ የየካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. አዋጅ መጣና የገጠር መሬት የሕዝብ ሆነ። ከዚያ ወዲያ ሽማግሌው ለልጆቻቸው አላስቆጠሩም። «ለምን ብዬ?» ነው ያሉት። በዚያው ዓመት ኅዳር ላይ ድንቅነሽ ሐዳር ተገኝታለች፤ የሦስት ሚሊዮን ዓመት አያት ባገኘንበት ዓመት የሰባት ቤቶቹን መርሳት ጀመርን ማለት ነው።

ርስቱ ይመለስ ማለቴ አይደለም። ስንቱ ወንድማማች በሙግት ተጨራርሷል። አንድ ደግ ነገር ግን ነበረው፦ ሴቶቹን አይዘልም። ርስት በእናትም በኩል ስለሚገኝ፣ መሬቱ የመጣው በአያት እናት ከሆነ ስሟን ከነአባቷ ማወቅ ግድ ነው። ሽማግሌው አምስተኛው ላይ ሲደርሱ በወንዱ መውጣታቸውን ትተው በአንዲት ሴት በኩል ተሻገሩ። «ዋናው መሬት የሷ ነው» አሉ። ዛሬ ልጆቻችንን ስናስቆጥር ወንድ፣ ወንድ፣ ወንድ ነው። ልጅቷ ይህን ስትሰማ ደብተሩን ገልብጣ ከኋላ ገጽ ጀመረች፤ የሴቶቹን። እኔም ቤቴ ገብቼ ሞከርኩት። የእናቴን እናት እናት ስም የሚነግረኝ ሰው ፍለጋ አክስቴ ጋ ደውዬ ስለ ስኳር ሕመሟ ብቻ አውርተን ዘጋን።

የልጅቷ እናት ወገኖች ደግሞ ጅማ ናቸው። በሚቀጥለው ሳምንት በአውቶቡስ ልትሄድ ነው፣ ማንም ምንም ቢላት። ትንሹ የአጎቷ ልጅ አብሬ ልሂድ ብሏል። ትልቁ ግን ፈተና አለብኝ ብሎ ቀርቷል፤ በነሐሴ የምን ፈተና እንደሆነ አልጠየቅኩትም።