አይጧን ቀብሮ ስሟን ይዞ መመለስ

ለሥነ እንስሳት አማካሪ መምህራን፤

ከእናንተው እጅ የወጣሁ ነኝና የምወቅሰው ልማድ የእኔም ነው።

በ1993 ዓ.ም. ለመመረቂያ ጽሑፌ መናገሻ ደን ውስጥ አይጥ ሳጠምድ ከረምኩ። አሠራሩን ታውቁታላችሁ፤ ዛሬም አልተለወጠም። 70 በ70 ሜትር ቦታ ይለካል፣ 49 ወጥመድ በየ10 ሜትሩ ይደረደራል፣ የኦቾሎኒ ቅቤ ይቀባል፣ በበጋና በክረምት ጥቂት ጥቂት ሌሊት ይታደራል። ጠዋት ጤዛው ሱሪዬን እያራሰ ወጥመዱን ስከፍት፣ ጠጉሯ እንደ ጫማ ብሩሽ የቆመ፣ ሆዷ ወደ ብርቱካንማ የሚያደላ አይጥ አገኛለሁ። ቆዳዋ ስስ ነው፤ ጠበቅ አድርገው ከያዟት ይቀደዳል። መዝኜ፣ ጅራቷንና የኋላ እግሯን ለክቼ፣ ደብተሬ ላይ «ሎፉሮሚስ ፍላቮፑንክታተስ» እላለሁ። የሞቱትን ከድንኳኑ ጀርባ ጉድጓድ ምሼ ቀበርኳቸው። ይሸቱ ነበርና ተው ያለኝም አልነበረም።

ያንን ስም ኦልድፊልድ ቶማስ ያወጣው እ.ኤ.አ. በ1888 ነው። እ.ኤ.አ. በ2007 ግን ላቭሬንቼንኮና ባልደረቦቹ የራስ ቅል ለክተው፣ ዘረመል መርምረው፣ በዚያ አንድ ስም ሥር ተጠቅልለው ከኖሩት የኢትዮጵያ አይጦች መካከል ባለ 70 ክሮሞዞም የሆኑ ሦስት አዳዲስ ዝርያዎችን ለዩ። አንዷ ስሟን ከመናገሻ፣ ሌላዋ ከጨርጨር ወሰደች። ታዲያ እኔ የያዝኳት የትኛዋ ነበረች? ክሮሞዞም በዓይን አይቆጠር። መልሱ ያለው ከድንኳኑ ጀርባ ነው፤ እሱም በስብሷል።

ስህተቴ ስሙን አለማወቄ አይደለም፤ ያኔ ብዙዎቻችን የምናውቀው ያንኑ ነበር። ስህተቴ አይጧን ጥዬ ስሟን ብቻ ይዤ መመለሴ ነው። ዛሬም ተማሪው ስሙን ከቀደመው ተማሪ ጽሑፍ ይቀዳል፣ ያም ከሱ በፊት ከነበረው። ከዚያ በዚያ ስም ላይ የብዝኃነት ቀመር ይጫንበታል፤ ውጤቱ እስከ ሁለት የአስርዮሽ አኀዝ ድረስ ይሰላል፤ እናንተም ስለ ስሌቱ ትጠይቃላችሁ።

«የለም» ስንልም እንዲሁ ነን። ሳነቴ ላይ ግዙፉ ፍልፈል አፈሩን እየቆለለ በዓይናችን እያየን፣ እሱ በማይገባበት የቆርቆሮ ሳጥን የአካባቢውን አይጦች ልንቆጥር እንነሳለን፤ ሳጥኑ ውስጥ ያልገባውንም «የለም» እንላለን። ቀይ ቀበሮዋ በጉድጓዱ አፍ ላይ አድብታ ትጠብቀዋለች። (በዘዴ ምርጫ ሳትበልጠን አትቀርም።)

ገንዘብ የለም እንደምትሉኝ አውቃለሁ። የዘረመል ምርመራው ውድ ነው፤ ብልቃጥና አልኮል ግን ውድ አይደለም። ከሚለቀቀው የጆሮ ጫፍ፣ ወጥመድ ውስጥ ሞቶ ከተገኘው ቁራጭ ጉበት፣ ከየቦታው ደግሞ ከሞቱት ጥቂት ቆዳና ቅል፤ ቀንና ቦታ ተጽፎባቸው አራት ኪሎ ያለው የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም ቢገቡ ይበቃል። ላብራቶሪው ዛሬ ባይኖር ብልቃጡ ዓመታት ይጠብቃል። ማንም እንስሳ ተጨማሪ ይገደል አላልኩም፤ የሞተው አይጣል ነው የምለው። እስከዛሬ ግን ብልቃጥ በፕሮፖዛል በጀት ውስጥ ሲገባ አላየሁም፤ የመኪና ኪራይ ግን ሁልጊዜ አለ።

በዘንድሮው ግምገማ ላይ ከሠንጠረዡ በፊት ናሙናው የት እንዳለ ጠይቁልኝ። የእኔን ጽሑፍ ደግሞ ከቤተ መጻሕፍቱ መደርደሪያ አታንሱት፤ ሽፋኑ ላይ ብቻ በእርሳስ «ናሙና የለውም» ብላችሁ ጻፉበት። ተማሪዎቻችሁ አሁንም እየጠቀሱት ነው።

የቀድሞ ተማሪያችሁ