ጥፋቱ የባትሪው ነበርን?



በመንዝ መሐል ሜዳ ኅዳርና ታኅሣሥ ምን ዓይነት ወራት እንደሆኑ የኖረበት ያውቀዋል። ከተማዋ ከባሕር ወለል በላይ ከ3,000 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ስለተቀመጠች ሌሊቱን ውርጭ ይጥላል፤ ለፈጅር ሶላት ዉዱእ የሚያደርግ ሰው ጣቶቹ እስኪደነዝዙ ድረስ ውሃው ይቆረጥማል። የሰው ልጅ እንዲህ ከሆነ አሮጌ የናፍጣ መኪናማ ምን ትሁን?

በ2011 ዓ.ም. ኅዳር ወር ከሰፈራችን አንዲት እናት ደብረ ብርሃን ሐኪም ዘንድ ቀጠሮ ነበራቸው። ሊያደርሷቸው ፈቃደኛ የሆኑት ያረጀች የናፍጣ መኪና ያላቸው አንድ ሐጂ ጎረቤታችን ነበሩ። ከሶላት በኋላ ታማሚዋን በጋቢ ጠቅልለን ተሰባሰብን። ሹፌሩ ቁልፉን ቢያዞር መኪናዋ ሁለት ጊዜ አቃስታ ዝም አለች። ባትሪው ከተገዛ ገና ሁለት ወሩ ነው። የሐጂ ፊት ወዲያው ተለወጠ።

"አዲሱን ባትሪ ሽጠህ አሮጌ አስገብተህብኛል!" ሲሉ በረዳቱ ላይ ጮኹበት።

ልጁ አባቱ የሞተበት የ17 ዓመት ወጣት ነው። "ወላሂ ሐጂ፣ አልነካሁም" እያለ ቢምልም የሰማው አልነበረም። እኛስ? በመድረሳ የተማርነውን ለልጆች የምናስተምረው እኛም ከሰዎቹ ጋር ቆመን ዝም አልን። ልጁ የያዘውን መፍቻ መሬት ላይ አስቀምጦ እያለቀሰ ሄደ። የእናታችንም የዚያን ቀን ቀጠሮ አለፈ።

ረፋዱ ላይ ክርስቲያን ጎረቤታችን የሆኑ ሽማግሌ የመኪና ኤሌትሪሻን ተጠርተው መጡ። እሳቸው ማን ምን ሠራ ብለው አልጠየቁም። ኮፈኑን አስከፍተው ቴስተራቸውን አወጡና ባትሪውን ለኩ፤ 12.6 ቮልት። "ባትሪያችሁ ጤነኛ ነው" አሉ። ከዚያም ሹፌሩ ቁልፉን ሲያዞር እንደገና ለኩ። መኪናዋ እያቃሰተች ባትሪው ግን ከ11 ቮልት በላይ እንደያዘ ነው። ቀጥለው የቴስተሩን አንዱን ጫፍ በባትሪው ኔጋቲቭ ላይ፣ ሌላውን በሞተሩ ብረት ላይ አድርገው "ድገመው" አሉ። ከ2 ቮልት በላይ አሳየ። እዚህ ላይ መታየት ያለበት ግማሽ ቮልት እንኳ የማይሞላ ነበር።

ጥፋቱ ከባትሪው ወደ ሞተሩ ብረት በሚሄደው በማሳው ሽቦ ላይ ነበር። ጫፉ በዘይትና በአረንጓዴ ዝገት ተሸፍኗል። ፈቱት፣ በብርጭቆ ወረቀት ብረቱ እስኪያበራ ፈገፈጉት፣ መልሰው አጠበቁት። የተጣደው ሻይ ሳይፈላ መኪናዋ ተነሣች።

ውድ አንባቢያን፣ ነገሩ እንዴት እንደሆነ ለወጣቶቻችን ጥቂት እናብራራ። የናፍጣ ሞተር እንደ ቤንዚን ሞተር የእሳት ብልጭታ አይሻም። ጀርመናዊው ሩዶልፍ ዲዝል እ.ኤ.አ. በ1897 በተግባር ያሳየው ሞተር አየርን አጥብቆ በማመቅ ያግለዋል፤ ናፍጣው ከጋለው አየር ጋር ሲገናኝ በራሱ ይቀጣጠላል። በዚህም ምክንያት በገጠራችን በብዛት የምናየውን፣ እ.ኤ.አ. በ1990 የወጣውን ባለ 4.2 ሊትር የላንድክሩዘር ሞተር የመሰሉ አሮጌ ናፍጣዎች ለመነሣት ኤሌክትሪክ የሚፈልጉት በዋናነት ለሦስት ጉዳይ ነው፦ ሞተሪኖውን ለማዞር፣ ማሞቂያ ካንዴላዎቹን ለማጋል፣ የናፍጣውን መዝጊያ ለመክፈት።

ደጋ ሲሆን ችግሩ ይደራረባል። በ3,000 ሜትር ከፍታ የአየሩ ግፊት በባሕር ጠረፍ ካለው 70 በመቶ ያህል ብቻ ነው። ብርዱ የባትሪውን ጉልበት ይቀንሳል፤ የሞተሩን ዘይት ያወፍራል። ሸዋሮቢት ቆላ ላይ ማንም ልብ የማይለው ትንሽ ዝገት መሐል ሜዳ ላይ መኪና የሚያስቆመው ለዚህ ነው።

ታዲያ ገንዘብ አውጥቶ ዕቃ ከመለወጥ በፊት በቅደም ተከተል መመርመር ይገባል።

በመጀመሪያ ድምፁን ማዳመጥ ነው። ሞተሩ በዝግታ የሚዞር ወይም "ቀጭ" ብሎ የሚቀር ከሆነ ጥርጣሬው ባትሪው፣ የባትሪው ራሶች፣ ማሳው ወይም ሞተሪኖው ላይ ነው። በፍጥነት እየዞረ የማይነሣ ከሆነ ግን ባትሪውን ተዉትና ካንዴላዎቹንና የናፍጣውን መዝጊያ ተመልከቱ።

ሁለተኛ፣ አድሮ ያረፈ ባለ 12 ቮልት ባትሪ ሙሉ ሲሆን 12.6 ቮልት ገደማ ያሳያል፤ 12 ከሆነ ባዶ ለመሆን ተቃርቧል። ባለ 24 ቮልት ለሆነች መኪና ቁጥሩን በሁለት ማባዛት ነው። ቁልፍ ሲዞር ከ9.6 በታች ከወረደ ባትሪው ደክሟል ወይም ሞተሪኖው ከብዶታል። ባትሪው ሳይወርድ ሞተሩ የሚያቃስት ከሆነ ሽቦዎቹንና ማሳውን ፈትሹ።

ሦስተኛ፣ ካንዴላዎቹን የሚያገናኘውን ብረት ፈትቶ፣ የመፈተሻ አምፖል አንዱን ጫፍ በፖዘቲቭ፣ ሌላውን በየካንዴላው ራስ ላይ መንካት ነው። አምፖሉ ካልበራ ያ ካንዴላ ተቃጥሏል። የናፍጣው መዝጊያ ደግሞ ቁልፉ ሲከፈት ፓምፑ አጠገብ "ቀጭ" ሲል ይሰማል፤ ካልተሰማ ቫልቮላውንና ሽቦውን መመልከት ነው።

አራተኛ፣ መኪናዋ ከተነሣች በኋላ ባትሪው ላይ ከ13.8 እስከ 14.4 ቮልት መታየት አለበት። ከዚያ ካነሰ ቺንጋው ላልቷል ወይም ዲናሞው አይሞላም።

ጥንቃቄውም አይረሳ። ሽቦ ሲፈታ ኔጋቲቩ ይቀድማል። ሞተሩ እየሠራ ባትሪ አይነቀልም፤ ዲናሞውን ያቃጥላል። ባትሪ የሚፈነዳ ጋዝ ስለሚያወጣ ክብሪት አይቅረበው። የተቃጠለ ቫልቮላንም በሽቦ መተካት ቤተሰብ የተሳፈረባትን መኪና ለእሳት መስጠት ነው።

አሁን ወደዚያ ልጅ እንመለስ። ሽማግሌው ማሳውን ለማጽዳት የፈጀባቸው ጊዜ አጭር ነበር፤ የእኛ ግን እንዲህ በቀላሉ የሚጸዳ አልነበረም። ሐጂ፣ አላህ ይውደድላቸውና፣ ዝሁር ሳይደርስ ያንኑ በሰው ፊት የወቀሱትን ልጅ በሰው ፊት ሊክሱት እናቱ ደጅ ሄዱ። "አውፍ በለኝ ልጄ፣ ሳላረጋግጥ ነው የተናገርኩህ" አሉት። እኛም ተከትለን አውፍ በለን አልነው፤ አልተናገርንም፣ ግን ዝም ብለን ነበርና። ልጁ "አላህ አውፍ ይበላችሁ" አለ። ወደ ሥራው ለመመለስ ግን አንድ ሳምንት ፈጀበት።

አላህ (ሱ.ወ.) በሱረቱል ሑጁራት 6ኛ አንቀጽ ወሬ ሲመጣልን እንድናጣራ፣ ሳናውቅ ሰው ጎድተን እንዳንጸጸት ያስጠነቅቀናል፤ በ12ኛውም ከብዙ ጥርጣሬ እንድንርቅ ያዘናል። እነዚህን አንቀጾች በቃላችን እናውቃቸው ነበር። ሽማግሌው ጎረቤታችን ለአንድ ባትሪ ያደረጉትን ማጣራት ግን እኛ ለአንድ የቲም አላደረግንለትም። ባትሪውን ከመክሰስ በፊት ቴስተር ያስፈልጋል ካልን፣ ሰውን ከመክሰስ በፊት ምን ያህል ማጣራት ያስፈልግ ይሆን?

በቲርሚዚ በተዘገበው ሐዲስ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ግመሉን ስለማሰር የጠየቃቸውን ሰው መጀመሪያ እንዲያስር፣ ከዚያ በአላህ እንዲመካ መክረውታል። የዛሬው ግመላችን መኪና ነው። እንግዲህ ኅዳር ሳይገባ ማሳውን እናጽዳ፣ ባትሪውን እናስለካ፤ ከዚያም ቢስሚላህ ብለን እንነሣ። እናቲቱም በሌላ ቀን ደብረ ብርሃን ደርሰው በሰላም ተመልሰዋል፤ አልሐምዱሊላህ።

አላህ ከመፍረዳቸው በፊት ከሚያጣሩት፣ ሲሳሳቱም አውፍ በሉኝ ለማለት ከማያፍሩት ያድርገን። አሚን።