እናትን ማስጠናት

እኛ አገር ልጁን ለፈተና የሚያስጠናው ወላጅ ነበር። አሁን አሁን ነገሩ ተገልብጦ ልጅ እናቱን ያስጠናል። ልጁ አሜሪካዊ ዜጋ ይሆናል፤ 21 ዓመት ከሞላው ለእናቱ ያመለክታል፤ ጉዳዩ ዞሮ ዞሮ አዲስ አበባ ለቃለ መጠይቅ ይደርሳል። ያኔ ከሰቆጣ 700 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዘው የመጡ እናት ጉዳይ አስፈጻሚ ነኝ ባይ ፊት ይቀመጣሉ።

«እማማ፣ መቼ ተወለዱ?»

«እኔ እንጃ ልጄ፤ በስድሳ ስድስቱ ረሃብ ኮረዳ ነበርኩ።»

«እንዲህማ አይባልም! ጃንዋሪ 1 ቀን 1958 ይበሉ! ይድገሙት!»

ምን ክፋት አለው ትሉ ይሆናል። ፎርሙ ላይ ያለውን ቀን ማወቅማ ደግ ነው። ክፋቱ ግምትን እርግጥ አስመስሎ ማስማል ነው። የወሳኝ ኩነት ምዝገባ በአገር ደረጃ የተጀመረው እኮ በ2008 ነው! እኚህ እናት ሲወለዱ ማን መዘገባቸው? «ቀኑ በግምት የተጻፈ ነው» ቢሉ ምን ነውር አለው?

ከዕድሜ የባሰው የልጅ ቁጥር ነው። ሰባ ሰባት ዋግን በትኗል። ወደ ኮረም የተሰደደ አለ፤ በሰፈራ ወደ ደቡብ ምዕራብ የተጫነ አለ፤ ያለ እናት የቀረ ሕፃን አለ። ሦስት ወልደው የሟች እህታቸውን ሦስት ያሳደጉ እናት «ስድስት ልጆች አሉኝ» ቢሉ በአገራቸው ቋንቋ እውነት ተናገሩ። አስጠኚው ግን «ሦስት ብቻ ይበሉ፤ የቀሩትን አያንሱ» ይላል። «ሦስት ወለድኩ፣ ሦስት አሳደግኩ» ማለት ይህን ያህል ይከብዳል?

ልብ ወለድ ለዓመታት አስተምሬአለሁ። ያልተኖረ ሕይወት መፍጠር የሚያምረው እዚያ ብቻ ነው። ቆንስላ መስኮት ፊት ሲሆን ዋጋ ያስከፍላል። በአሜሪካ ሕግ ለጉዳዩ ወሳኝ የሆነ ሐሰት ሆን ብሎ ያቀረበ አመልካች ለዕድሜ ልክ ሊታገድ ይችላል። ይቅርታ መጠየቂያ በር አለ፤ በሩ የሚከፈተው ግን ዜጋ ወይም ቋሚ ነዋሪ የሆነ የትዳር ጓደኛ ወይም ወላጅ ላለው ነው። ልጅ አይቆጠርም! ውሸቱን ያስጠናው ልጅ ውሸቱን ማስሰረዣ መሆን አይችልም ማለት ነው።

ታዲያ እናት ሳይዘጋጁ ይሂዱ? በፍጹም። ፎርሙን ቀስ ብለህ አንብብላቸው። በእኛና በፈረንጅ አቆጣጠር መካከል ያለውን የ7 እና የ8 ዓመት ልዩነት አስረዳቸው። አፋቸውን የፈቱት በኽምጣኛ ከሆነ አማርኛው ራሱ ሁለተኛ ቋንቋቸው ነው፤ «አልገባኝም፣ ይደገምልኝ» ማለት መብታቸው መሆኑን ንገራቸው። የማያውቁትን «አላውቅም» ይበሉ። በፎርሙ ላይ ስህተት ካገኘህም ከቀጠሮው በፊት አሳርም።

ፎርሙን ለእናትህ አስተካክል እንጂ እናትህን ለፎርሙ አታስተካክል። እኚህ ሴት ሁለት ረሃብ አልፈው አሳድገውሃል፤ ስለ ገዛ ሕይወታቸው ከጉዳይ አስፈጻሚ የሚማሩት ነገር የለም።