የአባቴ ምርቃት የት ይቀመጥ?

በዚህ ወር ዓምዳችን ሳሎናችሁ ውስጥ፣ ከቴሌቪዥኑ አጠገብ ስለሚቀመጡ ዕቃዎች እናወራለን። ቲቪ ቦክስ ልትገዙ ያሰባችሁ፣ ወይም «ስልካችን በፎቶና በቪዲዮ ሞላ፣ የት እናድርገው?» ብላችሁ የምትጨነቁ ካላችሁ፣ ብር ከማውጣታችሁ በፊት ይህችን ገጽ አንብቡልኝ። እኔ መጀመሪያ ገዝቼ፣ ኋላ ነው የተማርኩት።

በ2011 ዓ.ም. ስንጋባ፣ ባለቤቴ ሊወስደኝ ቤታችን በመጣበት ጠዋት የወላጆቼን ጉልበት ስመን ስንነሳ አባቴ መረቁን። አባቴ ብዙ የሚናገሩ ሰው አልነበሩም። የዚያን ቀን ግን ረጅም ምርቃት ነበር የመረቁን። መሀል ላይ ሳግ ያዛቸው፣ ትንሽ ዝም አሉና ቀጠሉ። ቪዲዮ ቀራጩ ሙሉውን ቀርጾታል። ከሦስት ዓመት በኋላ አባቴ አረፉ። ልጄ ያኔ ገና መራመድ መጀመሯ ነበር።

ያልተቆራረጠው ሙሉ ቪዲዮ የነበረው በአንድ ሀርድ ዲስክ ላይ ብቻ ነው። ዲስኩን ቴሌቪዥኑ ላይ ሰክተን ፊልምም የምናየው በእሱ ነበር። አንድ ቅዳሜ ልጄ ኬብሉን ስትጎትተው፣ እየሠራ ሳለ ወለሉ ላይ ወደቀ። መልሰን ስንሰካው «ቀጭ፣ ቀጭ» ከሚል ድምፅ በቀር ምንም የለም። ሁለት ጥገና ቤቶች ሞከሩት፣ አልሆነም። የቀረጸን ፎቶ ቤት ስንደውል «እህቴ፣ የቆየ ሥራ እናጠፋለን፤ ቦታ አይበቃንም» አሉኝ። አልፈርድባቸውም። ማስቀመጡ የእኔ ኃላፊነት ነበር።

በአጋጣሚ የተረፈን አንድ ዲቪዲ ነው። ዋሽንግተን ዲሲ አካባቢ ለምትኖረውና ለሠርጉ መምጣት ላልቻለችው እህቴ የተቀናበረውን ቪዲዮ ልከንላት ነበር። እሷ ኮፒ አድርጋ መለሰችልን። ግን ቅንብር ነውና ምርቃቱ ላይ ሙዚቃ ተደርቦበታል። የአባቴ ከንፈር ሲንቀሳቀስ ይታያል፤ የሚሰማው የመጨረሻዎቹ ሁለት ዓረፍተ ነገሮች ብቻ ናቸው። ልጄ የአያቷን ድምፅ የምታውቀው በእነዚያ ሁለት ዓረፍተ ነገሮች ነው።

ስለዚህ ምክሬ አንድ ነው፤ መጀመሪያ ማስቀመጫውን ምረጡ፣ ማጫወቻው ይደርሳል።

ሁለቱን አትቀላቅሉ

ማጫወቻ ማለት ቪዲዮውን አንብቦ ስክሪን ላይ የሚያወጣው ነው፤ ስማርት ቲቪው ራሱ፣ ቲቪ ቦክስ ወይም ኤችዲኤምአይ ላይ የሚሰካ ትንሽ ስቲክ ሊሆን ይችላል። ማስቀመጫ ደግሞ ፋይሉ የሚኖርበት ቤት ነው። ማጫወቻው ቢበላሽ ሌላ ትገዛላችሁ። ማስቀመጫው ውስጥ ያለው ግን ገበያ ላይ የለም። ብዙዎቻችን ብራችንን የምናወጣው በተቃራኒው ነው።

ሙያዬ ማርኬቲንግ ስለሆነ አንድ የቤታችንን ምስጢር ልንገራችሁ። ካርቶን ላይ በትልቁ የሚጻፈው ቁጥር እናንተ የሚያስፈልጋችሁ ሳይሆን ዓይናችሁን የሚይዘው ነው። ከፊቱ «እስከ» የሚል ትንሽ ቃል ካያችሁ ደግሞ ቆም በሉ። «እስከ» ማለት ከዚያ በታችም ሊሆን ይችላል ማለት ነው። «8ኬ» የሚል ቦክስ ቴሌቪዥናችሁ ፉል ኤችዲ ከሆነ በምስሉ ላይ የሚጨምርላችሁ ነገር የለም።

ከትንሹ ጀምሩ

በጣም ቀላሉ መንገድ አንድ ሀርድ ዲስክ ገዝቶ ቴሌቪዥኑ ወይም ቦክሱ ላይ መሰካት ነው። ለፊልም ይበቃል። ቴሌቪዥኑ ዲስኩን ካላነበበ ወይም ትልልቅ ፋይል አልገለብጥ ካለ አሠራሩን ጠይቁ፤ «ፋት 32» በሚባለው አሠራር የተዘጋጀ ዲስክ ወይም ፍላሽ ከ4 ጊጋባይት በላይ የሆነ አንድ ፋይል አይቀበልም። የረጅም ሠርግ ቪዲዮ ደግሞ ከዚያ በቀላሉ ያልፋል።

ቀጣዩ መንገድ ዲስኩን ራውተሩ ላይ መሰካት ነው። የራውተራችሁን ጀርባ እዩት፤ የዩኤስቢ ቀዳዳ ካለውና ፋይል ማጋራት የሚችል ከሆነ ቤት ውስጥ ያለ ስልክና ቴሌቪዥን ሁሉ ያንን ዲስክ ማየት ይችላል። ፍጥነቱ ብዙ ጊዜ ዝቅ ያለ ነው፤ ግን ተጨማሪ ዕቃ አትገዙም።

ሦስተኛው «ናስ» የሚባለው ነው። ናስ ከራውተራችሁ ጋር በኬብል የሚገናኝ፣ ውስጡ አንድ፣ ሁለት ወይም ከዚያ በላይ ዲስክ የሚይዝ ትንሽ ኮምፒውተር ነው። ሲኖሎጂና ኪውናፕ በዚህ የታወቁ ስሞች ናቸው። የሁላችሁም ስልክ ፎቶና ቪዲዮውን በራሱ ጊዜ ወደ እሱ እንዲገለብጥ ማድረግ ይቻላል። ስትገዙ ግን ተጠንቀቁ፤ ብዙ ጊዜ የሚሸጠው ባዶው ነው፣ ዲስኩ ለብቻው ይገዛል። ዋጋ ስትጠይቁ «ከነዲስኩ ነው ወይስ ያለዲስክ?» በሉ።

ስንት ቴራባይት ይበቃል? ባለ 4ኬ የስልክ ቪዲዮ በደቂቃ 170 ሜጋባይት ያህል ሊይዝ ይችላል። ይህ በሰዓት 10 ጊጋባይት ገደማ ነው፤ አንድ ቴራባይት መቶ ሰዓት ያህል ይይዝላችኋል ማለት ነው። ፊልም ካላጠራቀማችሁ 4 ቴራባይት ለአንድ ቤተሰብ ለዓመታት ይበቃል።

ደግሞ አንድ መልካም ዜና አለ። ቤት ውስጥ ከናሱ ወደ ቴሌቪዥኑ የሚሄድ ቪዲዮ ከኢንተርኔት ጥቅላችሁ ላይ ምንም አይቆርጥም። ኢንተርኔት ቢጠፋም፣ ራውተሩ መብራት እስካለው ድረስ፣ በቤታችሁ ዋይፋይ ቪዲዮአችሁን ማየት ትችላላችሁ። ዋይፋዩ ከከበዳችሁ 2.4 እና 5 ጊጋኸርዝ የሚሉትን ሁለት አማራጮች ሞክሩ። 5ቱ ይፈጥናል፣ ግን ግድግዳ ይከብደዋል። ከራውተሩ ብዙ ብሎኬት ከተራራቃችሁ 2.4 ወይም ኬብል ይሻላል።

ሁለት ዲስክ ሁለት ቅጂ አይደለም

ሁለት ዲስክ በሚይዝ ናስ ላይ አንዱ ሌላውን እንደ መስታወት እንዲገለብጥ ማድረግ ይቻላል። ሁለት ባለ 4 ቴራባይት ዲስክ ብትገዙ የምትጠቀሙበት ቦታ 4 እንጂ 8 አይሆንም። አንዱ ቢሞት ሌላው ያተርፋችኋል። ግን በስህተት ያጠፋችሁት ፋይል ከሁለቱም ይጠፋል። ናሱን ሌባ ቢወስደው ወይም የመብራት ኃይል ከፍ ብሎ ቢያቃጥለው ሁለቱም አብረው ይሄዳሉ።

በፎቶግራፍ አንሺው በፒተር ክሮግ ስም የሚታወቅ አንድ ሕግ አለ፤ 3፣ 2፣ 1 ይባላል። ሦስት ቅጂ፣ በሁለት ዓይነት ማስቀመጫ፣ አንዱ ከቤት ውጭ። እኛ ቤት አንዱ ቅጂ ናሱ ላይ ነው። ሁለተኛው የተመረጡት ብቻ ኢንተርኔት ላይ ተቀምጠዋል። ሦስተኛው በተራ ሀርድ ዲስክ ተገልብጦ እናቴ ቤት፣ ቁም ሣጥን ውስጥ ከነጠላቸው ሥር አለ። እንቁጣጣሽ፣ ገናና ፋሲካ ስንሄድ ይዘነው እንመጣለን፣ አዲሱን ጨምረንበት እንመልሰዋለን። በዓሉ ስለማይረሳ ይህም አይረሳም።

መብራት የሚጠፋበት ቤት

እየጻፈ ባለበት መብራት የጠፋበት ዲስክ ፋይል ሊያበላሽ ይችላል። ናስ ካሰባችሁ ዩፒኤስንም አብራችሁ አስቡ፤ በተራ ዲቫይደር ላይ ብቻ አትተዉት። ብዙዎቹ ናሶች ከሚስማማቸው ዩፒኤስ ጋር በዩኤስቢ ሲገናኙ መብራት መጥፋቱን አውቀው ራሳቸውን በሥርዓት ይዘጋሉ። ሁለት ዲስክ ያለው የቤት ናስ 20 ዋት ያህል ቢወስድ ሌት ተቀን ሠርቶ በወር 14 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ነው የሚቆጥረው። ቆጣሪያችሁን አያስደነግጥም።

አሁን ማጫወቻው

ስማርት ቲቪ ካላችሁ መጀመሪያ ያለውን ሞክሩ፤ ምናልባት ምንም መግዛት አያስፈልጋችሁም። ብዙዎቹ «ዲኤልኤንኤ» በሚባለው አሠራር ናሱን በራሳቸው ያገኙታል። ቪኤልሲ፣ ኮዲ እና ጄሊፊን ደግሞ በነፃ የሚገኙ ናቸው። ጄሊፊን በተለይ የራሳችሁን ቪዲዮ ከነፖስተሩ ደርድሮ ስለሚያሳይ ልጆችም ሆኑ አያቶች በቀላሉ ይለምዱታል።

ቦክስ የምትገዙ ከሆነ ሱቁ ሊያሳያችሁ ባዘጋጀው ቪዲዮ አትፍረዱ። የራሳችሁን ፍላሽ ይዛችሁ ሂዱ። አንድ የስልክ ቪዲዮ፣ አንድ የድሮ የሠርግ ቪዲዮና ስሙ በአማርኛ የተጻፈ አንድ ፋይል ጫኑበት። አዳዲስ ስልኮች ብዙ ጊዜ «ኤችኢቪሲ» ወይም «ኤች 265» በሚባለው አሠራር ስለሚቀርጹ የቆየ ማጫወቻ ድምፁን ብቻ ሊያሰማ ይችላል። የአማርኛውን ስም ደግሞ አንዳንዱ በባዶ ሣጥን ይተካዋል። ይህን ሁሉ ሻጩ ፊት በአምስት ደቂቃ ታውቁታላችሁ።

ከዱባይ ወይም ከአሜሪካ በዘመድ የምታስመጡ ከሆነ፣ አስማሚው ላይ ከ100 እስከ 240 ቮልት የሚል መኖሩን አስነብቡ። ዲስኩ በእጅ ሻንጣ፣ በልብስ ተጠቅልሎ ይምጣ። ዋስትናው እዚህ እንደማይሠራ ቆጥራችሁ ዋጋውን አመዛዝኑ።

ከመግዛታችሁ በፊት

ይህን ሁሉ ካነበባችሁ በኋላ አቅማችሁ ለናስ ባይደርስ አትዘኑ። ሁለት ተራ ሀርድ ዲስክ፣ አንዱ ከእናንተ ቤት አንዱ ከእህታችሁ ቤት፣ አንድ ውድ ናስ ብቻውን ከሚሰጣችሁ ዋስትና ይበልጣል።

የዚህ ወር የቤት ሥራችሁም ገንዘብ አይጠይቅም። ዛሬ ማታ ቁጭ ብላችሁ «ይሄ ቢጠፋ አለቅሳለሁ» የምትሉትን አንድ ቪዲዮ ፈልጉ። ስንት ቦታ እንዳለ ቁጠሩ። አንድ ቦታ ብቻ ከሆነ ሳትተኙ ሌላ ቦታ ገልብጡት። ቀረጻው ፎቶ ቤት ካለ ነገ ደውላችሁ ያልተቀናበረውን ጠይቁ፤ ብዙ ፎቶ ቤት ለዘላለም አያስቀምጥም።

ባለፈው ፋሲካ እናቴ ልጄን ሲመርቁ ስልኬን አውጥቼ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ቀረጽኩ። ከኋላ የድስት ክዳን ይሰማል፣ ባለቤቴ ያስላል፣ ልጄ መሀል ገብታ «አሜን» ትላለች። ሙዚቃ አልደረብኩበትም። አሁን ሦስት ቦታ አለ።

በቸር እንሰንብት።