ሲኒው ቡፌ ውስጥ፣ ጀበናው ጓዳ

ቢቸና ወይም ሞጣ ዘመድ ያላችሁ አዲስ አበቤዎች ታውቁታላችሁ። ለበዓል ወርዳችሁ ሳሎኑ ስትገቡ መጀመሪያ ዓይናችሁ የሚያርፈው ቡፌው ላይ ነው። ከመስታወቱ ጀርባ ጠርዙ ወርቅማ የሆነ ሲኒ ከነማስቀመጫው ተደርድሯል፤ ከዱባይ፣ ከጅዳ ወይም ከቤይሩት የመጣ። ከበላዩ ግድግዳው ላይ ደግሞ የትኛው አገር እንደሆነ የማይታወቅ ፏፏቴ ያለበት ባለፍሬም ሥዕል። የቡፌው ቁልፍ እናትየዋ ዘንድ ነው። ሲኒው የሚወጣው ትልቅ እንግዳ ሲመጣ ብቻ ነው። አዲስ አበባም ያው ነው፤ ልዩነቱ ሲኒው ከኢስታንቡል መምጣቱና ሥዕሉ ትንሽ ውድ መሆኑ ነው።

ልብ በሉ፣ ጠባችን ከሲኒው ጋር አይደለም። አራት ዓመት ዓረብ አገር የሰው ቤት ስትጠርግ ከርማ ለእናቷ ሲኒ ይዛ የመጣች ልጅ፣ ያ ሲኒ ላቧ ነው። ቢቆለፍበት ሲያንሰው! የኛ ጠብ ስለ ጀበናው ነው።

ጀበናው የት አለ? ጓዳ። የሠራችውስ ሴት? ከሰው ራቅ ብላ፣ ዳር ላይ። ጭቃውን ራሷ ትቆፍራለች፣ በጀርባዋ ተሸክማ ታመጣለች፣ ከተወቀጠ ገል ጋር ታቦካዋለች። ያለ ምንም መሽከርከሪያ በጣቷ እያዞረች ታቆመዋለች፣ በለስላሳ ጠጠር ትፍቀዋለች፣ ሜዳ ላይ በኩበትና በጭራሮ ትተኩሰዋለች። ስንቱ እሳቱ ውስጥ ተሰንጥቆ ይቀራል! የተረፈውን ይዛ ገበያ ስትወጣ፣ ያችው ቡፌዋን የቆለፈች እመቤት ትመጣና «ቀንሺ እንጂ፣ ጭቃ አይደል እንዴ!» ትላታለች። ጀበናውን ይዛ ዞር ስትል ደግሞ ለልጇ በሹክሹክታ «እንዳታይህ፣ ትበላሃለች» ትለዋለች። ቡዳ ናታ!

«ሲኒ» የሚለው ቃል ራሱ ከዓረብኛ የመጣ ሲሆን «የቻይና» ማለት ነው። እንግሊዞችም እንዲህ ያለውን ዕቃ «ቻይና» ነው የሚሉት። በሌላ አነጋገር ቡና በጠጣን ቁጥር የማናውቀውን፣ አይተነውም የማናውቀውን ሸክላ ሠሪ አገር ስም እየጠራን ነው። የኛዋን ሸክላ ሠሪ የምንጠራት ግን ለስድብ ነው።

በሩቅ አገር ዕቃ ማበድ የኛ ብቻ በሽታ አይደለም። የሳክሶኒው ገዥ አውግስጦስ እ.ኤ.አ. በ1717 ለፕራሻ ንጉሥ 600 ፈረሰኛ ወታደሮች ሰጥቶ 151 የቻይና ሸክላ ዕቃዎችን ተቀብሏል። ሰው በሳህን! ግን ይህ ሰው መግዛት ብቻ አልነበረም ሥራው፤ እ.ኤ.አ. በ1710 ማይሰን ላይ የራሱን ፋብሪካ አቁሞ ነበር። ምስጢሩን ካገኙለት አንዱ የሆነውን ቦትገርን እንዳያመልጥ ቆልፎበት ነው ያሠራው (ይህንን ለማንም አንመክርም)። ቢያንስ ግን የቆለፈበት ዋጋውን ስላወቀ ነው። እኛ የምንቆልፈው በሲኒው ላይ ነው፤ ሠሪዋን እናርቃታለን።

«የኛው ሸካራ ነው፣ ይሰበራል» የሚሉ አይጠፉም። የቻይናው ካኦሊን ከሚባል ነጭ አፈር ተሠርቶ ከ1,200 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ በሚግል ምድጃ የሚተኮስ ነው። የሞጣዋ ሴት ያላት ኩበት ነው። ደግሞስ ጀበናው ፍም ላይ ተጥዶ ቡና ያፈላል፤ እስቲ ያንን ባለወርቅ ሲኒ ፍም ላይ ጣዱት!

ፈረንጁ ይህ የገባው ቀድሞ ነው። ጎንደር አጠገብ ወለቃ የቤተ እስራኤል ሴቶች ትናንሽ የሸክላ ምስሎች እየሠሩ ለቱሪስት ይሸጡ ነበር። ጎረቤት ቡዳ የሚላቸውን ሴቶች ሥራ ቱሪስቱ በልብሱ ጠቅልሎ ወስዶ፣ እንደኛው ቡፌ መስታወት ውስጥ ደረደረው። ሴቶቹም በመጨረሻ ወደ እስራኤል ሄዱ።

«ባህሉ ነው፣ ምን ይደረግ?» ለሚሉን ደግሞ፣ ዳግማዊ ምኒልክ ሠራተኛን በሙያው መስደብን በአዋጅ የከለከሉት በ1900 ዓ.ም. ነው። ከ110 ዓመት በላይ ሆነው! የ1987ቱ ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 25 በማኅበራዊ አመጣጥ ሰውን መለየት አይቻልም ይላል። ወረቀት ሞልቶናል።

መጽሐፍም አለን። የሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» ትልቁ ታሪክ የሚፈጸመው እዚያው ቢቸና አካባቢ፣ ዲማ ጊዮርጊስ ነው። በዛብህና ሰብለወንጌል በዘር ሐረግ ምክንያት ሲለያዩ ያላዘነ አንባቢ የለም። በዛብህ ግን የገበሬ ልጅ ነበር እንጂ የሸክላ ሠሪ ልጅ አልነበረም። ቢሆን ኖሮስ? ከአልቃሾቹ ስንቱ ሽማግሌ ሆኖ ሊሄድለት ይነሣ ነበር? ራሱ ጉዱ ካሳስ ስንት ምዕራፍ ሲከራከር ይኖር ነበር?

አዲስ አበባ ያለን ወጣቶች ደግሞ ሌላ ዘዴ አምጥተናል፤ «ባህላዊ» የሚባል። ጀበናን በቲሸርት ላይ ማተም፣ በሆቴል መግቢያ በትልቁ ማቆም፣ ውጭ ላለ ጓደኛ ትንሿን ጀበና በስጦታ ወረቀት ጠቅልሎ መላክ። ደስ ይላል። ግን የቡና ስኒውን ፎቶ «ኩራታችን» ብሎ የሚለጥፈው ልጅ፣ እህቱ የሸክላ ሠሪ ልጅ ብታመጣ ቤቱ ውስጥ ምን እንደሚባል ይነግረን ዘንድ እንጠይቀዋለን። መልሱን እዚሁ እናወጣዋለን፤ ስሙ ሳይጠቀስ።

ለፋሲካ በደጀን አድርጋችሁ ወደ ቢቸና የምትወርዱ ደግሞ፣ ዱባይ የገበያ አዳራሽ ውስጥ የተለጠፈውን ዋጋ ያለ አንዲት ቃል ከፍላችሁ የለ? ገበያ ውጡና ሴትየዋ የጠራችውን ክፈሏት። ስሟንም ጠይቋት። ጀበናውን አምጡና ቡፌው ውስጥ ከሲኒው ጎን አስቀምጡት፤ እናታችሁ ከጠየቁ፣ ማን እንደሠራችው በስሟ ንገሯቸው።