ለእያንዳንዱ ሳጥን ዘበኛ መቅጠር ይብቃን

እዚህ ጉብሬ ላለ አንድ የግንባታ ዕቃ ሱቅ የሽያጭ መመዝገቢያ ሠርቼ ነበር። በብራውዘር የሚከፈት ቅጽ ነው፤ ዕቃና ዋጋ ጽፈው ኢንተር ሲጫኑ አዲስ መስመር ይጨምራል። ቤቴ ሆኜ ደጋግሜ ሞከርኩት፣ ምንም አልነበረበትም። ሥራ በጀመረ በማግስቱ ሒሳብ የምትይዘው ልጅ ደወለች፦ «ወንድሜ፣ የሚስማሩን ዋጋ ላስተካክል ወደ ላይ ተመልሼ አንዴ ኢንተር ብጫን ስድስት ባዶ መስመር አመጣብኝ እኮ!»

የመለስኩላት ነገር አሁንም ያሳፍረኛል፦ «ኪቦርዱ ተበላሽቶ ይሆናል።»

ጥፋቱ የኔው ኮድ ነበር። መስመር በተጨመረ ቁጥር በገጹ ላይ ላሉት ሳጥኖች ሁሉ፣ ለአሮጌዎቹም ጭምር፣ እንደገና ኢቨንት ሊስነር እሰካለሁ። ስድስት መስመር ሲሞላ የመጀመሪያው ላይ ስድስት ሊስነር ተደራርቧል፤ የመጨረሻው ላይ ግን ሁሌም አንድ ነው። እኔ ስሞክር ወደ ታች ብቻ ስለምወርድ የት ላየው! (ስም ያለው አንድ ፈንክሽን ብሰጠው ብራውዘሩ ሁለቴ አይመዘግበውም ነበር። እኔ በየዙሩ አዲስ ስም የለሽ ፈንክሽን ነው የሰጠሁት።)

ኪዳውን የሚባለው ኢቨንት ከሳጥኑ ተነስቶ ወደ ሠንጠረዡ፣ ከዚያም እስከ ዶክዩመንቱ ድረስ ይወጣል። ስለዚህ ሠንጠረዡ ላይ አንድ ሊስነር አስቀምጦ የትኛው ሳጥን እንደተነካ ከኢቨንቱ ታርጌት መጠየቅ በቂ ነው። ነገ የሚጨመረው መስመርም ያለ ተጨማሪ ኮድ ይሠራል። ፎከስ ወደ ላይ አይወጣም፤ ለእሱ ፎከስኢን አለላችሁ። «እኛ ሪአክት ነው የምንጠቀመው» የምትሉም፣ ሪአክት ራሱ ከ2020ው ቨርዥን 17 ጀምሮ አብዛኞቹን ሊስነሮች የሚሰካው አፑ የሚቀመጥበት ሥር ኤለመንት ላይ ነው።

ወልቂጤ ዩኒቨርሲቲ የመመረቂያ ፕሮጀክት ላይ ያላችሁ ልጆች፣ «ዋናው መሥራቱ ነው» አትበሉኝ። ማን እጅ ላይ ነው የሚሠራው?

የባሰው ደግሞ አማርኛ ነው። ፊደል በተነካ ቁጥር ዕቃ የሚፈልግ ኮድ በኪዳውን የሚጽፍ ሰው በአማርኛ ሞክሮት አያውቅም። አንድ የአማርኛ ፊደል ለማውጣት ብዙ ጊዜ ሁለት ቁልፍ ይነካል። አንድሮይድ ስልክ ላይ ደግሞ ኪዳውን አብዛኛውን ጊዜ 229 የሚል ቁጥር ይሰጣችኋል እንጂ የትኛው ፊደል እንደተጻፈ አይናገርም። የተጻፈውን ለማንበብ ኢንፑት ኢቨንት አለ፤ ኪዳውንን ለኢንተርና ለቀስቶቹ ተዉት።

ሱቁ ውስጥ ያለው ቅጽ አሁን አንድ ሊስነር ነው ያለው። ልጅቷ ግን ወደ ላይ ተመልሳ ኢንተር ከመጫኗ በፊት እስከ ዛሬ ታመነታለች።